ሌናካፓቪር፦ በዓመት 2 ጊዜ የሚወጉት የኤችአይቪ መከላከያ

አሠራሩ በጣም ነው የተመቸኝ። ኤችአይቪ ከሴል ሲወጣ ገና ጥሬ ነው፤ ከዚያ ፕሮቲዬዝ የሚባለው ኢንዛይም ጋግ የተባለውን ረጅም ፕሮቲን ይቆራርጠዋል፣ ከቁርጥራጮቹ አንዱ ዓይነትም በብዛት ተገጣጥሞ የቫይረሱን አርኤንኤ (የዘር መረጃውን) የሚሸፍን ሾጣጣ ቅርፊት ይሆናል። ሌናካፓቪር መገጣጠሚያዎቹ መሃል ይሰካል። አዲሱ ቅርፊት ተበላሽቶ ይሠራል፣ ቀድሞ የተሠራውም ወደ ሴሉ ኒውክለስ (የሴሉ ዘረ መል ያለበት ማዕከል) መግባት ያቅተዋል። በ2024 ይፋ በሆነው የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ጥናት፣ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም አልተያዘችም! በየቀኑ ኪኒን መዋጥና መደበቅ ቀረ፤ ኪኒን ያለው ሲጀመር ለ2 ቀን ብቻ ነው። የተወጉበት ቦታ ከቆዳ ስር ለወራት ሊያብጥ ይችላል፣ እሱስ ይቻላል። ዋጋው ግን አይቻልም፦ አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ።