ቆሻሻ ማንሳት፦ በከተማ አስተዳደር ወይስ በኮንትራክተር?

የከተማ ቆሻሻ ማንሳት ለግል ድርጅት ይሰጥ ሲባል፣ ብዙ ነዋሪዎች የሚቃወሙት ባለሀብቱን ጠልተው ሳይሆን አቤት የሚሉበት በር እንዳይጠፋባቸው ሰግተው ነው። ሥራው በአስተዳደሩ እጅ ሳለ መኪናው ከቀረ ቅሬታው በቀጥታ ለመረጡት ምክር ቤት ይቀርባል፤ በኮንትራት ሲሆን ግን ድርጅቱ «ውሉ ላይ የለም» ይላል፣ አስተዳደሩ ወደ ድርጅቱ ይጠቁማል፣ ከረጢቱም እስከዚያው ደጃፍ ላይ ይሸታል።

በወጪ በኩል ኮንትራክተሩ ዝቅተኛ ዋጋ ይዞ ሊቀርብ ይችላል፤ ሆኖም ቅናሹ የመጣው ከተሻለ የመስመር አደረጃጀት ነው ወይስ ከሠራተኛው ደመወዝ ተቀንሶ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከተማው መኪኖቹን ሸጦ ሠራተኞቹን ካሰናበተ በኋላ ደግሞ በቀጣዩ ጨረታ የመደራደር አቅሙ ይዳከማል፤ በእኔ እምነት ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው።

በአንጻሩ አስተዳደሩም ተወዳዳሪ ስለሌለው ሊዘናጋ እንደሚችል መካድ አይገባም። የካናዳዋ ቶሮንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ከያንግ ጎዳና በስተምዕራብ እስከ ሀምበር ወንዝ ያለውን የቤቶች ቆሻሻ ለግል ድርጅት ሰጥታ ምሥራቁን በራሷ ሠራተኞች ማንሳቷን ቀጥላለች፤ እንዲህ ያለው የሥራ ክፍፍል የሁለቱን ወጪና አገልግሎት ጎን ለጎን ለመመዘን ያስችላል፣ ከተማውንም ያለ መኪናና ያለ ባለሙያ አያስቀረውም።