የላንጌ ኮረብቶች በብስክሌት፦ ከአልባ ወደ ባሮሎ በጓሮ መንገድ

በሰሜን ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ ውስጥ፣ አልባ ከተማን የከበቡት የላንጌ ኮረብቶች እስካሁን ብስክሌት ከነዳሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ይበልጡብኛል። ይህን የምለው ግን መንገዱን መርጦ ለሚሄድ ሰው ነው። በሸለቆው ዋና መንገድ ወደ ባሮሎ መንደር የሚነዳ ሰው የጭነት መኪና ጎኑን እየታከከ ሲያልፈው ይውላል፤ የወይን ማሳውንም ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። ሸንተረር ለሸንተረር የሄደ ግን ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የራሱን ትንፋሽና የካቴናውን ድምፅ ብቻ ነው።

እኔ የምወደው ዙር ከአልባ ተነስቶ ዲያኖ ዳልባ ይወጣል፤ ወደ ጋሎ ይወርድና የሴራሉንጋን ሸንተረር ይዞ ሮዲኖ ይደርሳል፤ ከዚያ በሞንፎርቴ፣ በባሮሎ፣ በላ ሞራ፣ በቬርዱኖና በሮዲ አድርጎ ወደ አልባ ይመለሳል። ርቀቱ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ሲደመር ከ1000 ሜትር ያልፋል። አልባ ከባሕር ጠለል በላይ 170 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ላ ሞራ 500 ሜትርን፣ ሮዲኖ 600 ሜትርን ያልፋሉ። ቁጥሩን ያየ ሰው ትልቅ ተራራ እንደሌለ ያስባል፤ እውነትም የለም። እግር የሚጨርሰው አንዱን ዳገት ወጥታችሁ ትንፋሽ ሳትሰበስቡ ሌላው መጀመሩ ነው። ዳገቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ግን ተዳፋታቸው ብዙ ቦታ ላይ ከመቶ 8 እና 10 ይደርሳል፤ መንደር መግቢያ ላይ ደግሞ ይብሳሉ።

ስለዚህ ብስክሌት የምትከራዩ ከሆነ ከሁሉ በፊት የኋላ ማርሹን ጥርስ ቁጠሩ፤ የኋላው ጥርስ ሲበዛ ዳገት ይቀላል። ለእኔ መጀመሪያ የቀረበልኝ ብስክሌት ፍሬኑም ጎማውም አዲስ ነበር፤ የኋላው ትልቁ ማርሽ ግን 25 ጥርስ ብቻ ነው ያለው። ለሜዳ ውድድር እንጂ ለዚህ አገር አይሆንም። ፊት 34፣ ኋላ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ይሰጠኝ ብዬ አስቀየርኩት። አከራዩ ምንም አላለም፤ ግን ባልጠይቅ ኖሮ እሱም አይነግረኝም ነበር። ኪራይ ቤት የሚያቀርብላችሁን ብስክሌት ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል፤ አስፋልቱ እዚህም እዚያም የተሰነጠቀ ነው። ትርፍ የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪ) እና ፓምፕም ያዙ፤ በመንደሮቹ መካከል የሚያግዛችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ አገር የትኛውን መንገድ በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ተክሉ ነው። የባሮሎ ወይን ጠጅ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከሚባል የወይን ዘር ነው፤ ይህ ዘር ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ ብዙውን ጊዜ የሚለቀመው በኦክቶበር ነው። እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ካልጠገበ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ገበሬው ወደ ደቡብ የዞረውን፣ በረዶ ቀድሞ የሚቀልጥበትን ተዳፋት ለእሱ ይሰጣል። ወደ ሰሜን የዞረው ጥላማ ጎን ለሃዘልነት ዛፍና ለጫካ ይተዋል። ይህን ያወቀ ብስክሌተኛ በጁላይ ቀትር ላይ ኔቢዮሎ በተሰለፈበት ጎን አይወጣም፤ አንዲት ጥላ የለችበትምና። በጠዋት በወይኑ በኩል፣ ከቀትር በኋላ በሃዘልነቱ በኩል መውጣት ነው። በኤፕሪል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጥላው ጎን ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ዙሩን በዚህ ሐሳብ ስታዩት ከዲያኖ መጀመሬ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል፤ ሴራሉንጋ ላይ የምትደርሱት ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው።

የሴራሉንጋ መንገድ በሸንተረሩ ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው፤ ግራና ቀኝ ማሳ ነው፤ ፊት ለፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ቀጭን ረጅም ግንብ መንደሩ መሐል ቆሟል። መኪና የሚመጣው እስከ መንደሩ ነው። ከመንደሩ አልፋችሁ ወደ ሮዲኖ ስትቀጥሉ አብዛኛው ጎብኚ ተመልሷል፤ ማሳው እየሳሳ ጫካው እየወፈረ ይሄዳል። ከዙሩ ሁሉ እኔ የምሳሳላት ይህቺን ቁራጭ ነው። አፈሩም እዚህ ሌላ ነው፤ በሴራሉንጋና በሞንፎርቴ በኩል ያለው ዕድሜው የገፋና ጠጠር ያለ ነው ይባላል፤ ወይን ጠጁም ጠንካራና ለመለስለስ ጊዜ የሚፈልግ ይወጣል። በላ ሞራ በኩል ያለው ደግሞ ግራጫ ሸክላማ አፈር ነው፤ ወይን ጠጁም ቀደም ብሎ ይለሰልሳል። ለብስክሌተኛ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በላ ሞራ በኩል ያለው አፈር ዝናብ ሲነካው በትራክተር ጎማ ተጣብቆ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል፤ ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በለቀማ ወቅት ከዝናብ በኋላ ከላ ሞራ ስትወርዱ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አትያዙ፤ ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ።

ከሞንፎርቴ ወደ ባሮሎ ሁለት ምርጫ አለ። እኔ ትልቁን ትቼ በቡሲያ ማሳዎች መሐል የምታልፈውን ጠባብ መንገድ ነው የምይዘው። መንገዷ ሁለት መኪና በደንብ አታሳልፍም። አንድ አዛውንት በቀይ የወይን ሳጥን የተሞላ ትራክተራቸውን ጠርዝ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ በእጃቸው እለፊ አሉኝ፤ አቧራው እንዳይበላኝ ብለው ነው። ሳልፍ የተጨመቀው ወይን ሽታ ከሳጥኖቹ ይወጣ ነበር፤ ንቦች ከላይ ይዞራሉ። በዋናው መንገድ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥማችሁም።

ከባሮሎ ወደ ላ ሞራም እንዲሁ፤ በብሩናቴ ማሳ በኩል ውጡ። ዳገቱ ይከብዳል፤ ግን መሐል ላይ ማረፊያ አለው። በ1914 ገበሬዎች ከዝናብ መጠለያ ብለው የሠሯት፣ ለጸሎት ግን ተባርካ የማታውቅ ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። በ1999 ሠዓሊዎቹ ሶል ለዊት ውጫዊውን ግድግዳ፣ ዴቪድ ትሬምሌት ውስጡን ቀለም ቀቡት፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊው ከአረንጓዴው ማሳ መሐል ከሩቅ ያበራል። ብስክሌቴን ግድግዳው ላይ ሳላስደግፍ ሣር ላይ አስተኝቼ ውኃ የምጠጣው እዚያ ነው። እናንተም ግድግዳውን ተጠንቀቁለት።

ጸጥታውን የሚያበላሸው ወቅቱ ነው። በመጸው የአልባ የነጭ ትራፍል (ከመሬት በታች የሚበቅል ውድ እንጉዳይ) ገበያ ሲከፈት ቅዳሜና እሑድ ባሮሎና ላ ሞራ መኪና በመኪና ይሆናሉ። አካባቢው በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ርቋል፤ በዚያው ዓመት የጂሮ ዲ ኢታሊያ ብስክሌት ውድድር ከባርባሬስኮ እስከ ባሮሎ 41.9 ኪሎ ሜትር የግል ሰዓት ሙከራ (እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት) አድርጎበት ሪጎቤርቶ ኡራን አሸንፏል። የማሳውን ቀለም ለማየት በኦክቶበር መምጣት የግድ ከሆነባችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን፤ ጠዋት ጭጋግ ስለሚኖር የኋላ መብራት አብሩ። የእኔ ምርጫ ግን ሜይ መጨረሻና ጁን ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ሐረጉ ለምልሟል፣ መንገዱ ባዶ ነው።

የወይን ጠጅ ቅምሻን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ከመጨረሻው ዳገት በፊት አልቀምስም። በጣሊያን የአልኮል ገደቡ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ ብስክሌተኛንም ይመለከታል፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ ቁልቁለቱ ይበቃል። የባሮሎ ወይን ጠጅ ከመሸጡ በፊት 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚያም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ይህን ያህል የታገሠ መጠጥ አልባ እስክትደርሱ ቢጠብቃችሁ ምንም አይሆንም። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከከተማ ውጭ የሚነዳ ሰው አንጸባራቂ ሰደርያ የመልበስ ግዴታ አለበት፤ ስታጣጥፉት ኪስ ይገባል፣ ያዙት።

በስልክ ካርታ ብቻ ለምትመሩ አንድ ነገር ልጨምር። አጭሩን መንገድ ሲፈልግላችሁ የማሳ ውስጥ ትራክተር መንገድን እንደ መንገድ ይቆጥረዋል፤ በመንገድ ብስክሌት የማይወጣ ነው፤ ደግሞም የሰው ማሳ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት መንደሮቹን በቅደም ተከተል አስገቡና አስፋልት ብቻ እንዲመርጥ አድርጉ።

ግማሽ ቀን ብቻ ያላችሁ ባሮሎን ተዉትና በአልባ ምሥራቅ ባርባሬስኮ፣ ኔይቬና ትሬይዞን ዙሩ። መንገዱ አጭር ነው፣ ጎብኚውም ያንሳል። ባርባሬስኮ ላይ ከአሮጌው ግንብ ሥር ታናሮ ወንዝ ወለል ብሎ ይታያል፤ ትሬይዞ ስትደርሱ ደግሞ መሬቱ ድንገት ተንዶ ትልቅ ገደል የሆነበት ቦታ አለ። አልባ ድረስ ከቱሪን በብራ በኩል በባቡር መምጣት ይቻላል፤ ስለዚህ ለዚህኛው ዙር መኪና አያስፈልጋችሁም።