ኤሲኤስ712፦ ምጣዱን ትለካለች፣ አምፖሉን አታይም

ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። የሞላሁት ብር የት ገባ? ቆጣሪው ጠቅላላውን ይናገራል እንጂ ምጣዱ ይጨርሰው ቦይለሩ አይለይም። ይሄን ራሴ እለካለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጡት ኤሲኤስ712 የምትባለውን የከረንት ሴንሰር (በሽቦ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን የምትለካ ዕቃ) ነው። አውራ ጣት የምታክል ሰሌዳ ናት። በአንድ በኩል የሽቦ ማሰሪያ፣ በሌላው በኩል ሦስት ፒን፣ መሃል ላይ ስምንት እግር ያላት ጥቁር ቺፕ። እኔ ምጣድ ላይም የሶላር ባትሪ ላይም ስጠቀምባት ቆይቻለሁ።

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር፦ ብዙ ለሚስብ ዕቃ ዋጋዋን ታወጣለች። ለትንንሹ ግን ብራችሁን አታባክኑ።

አሠራሯ ደስ ይላል። ከረንት የሚያልፍበት ሽቦ በዙሪያው የማግኔት መስክ ይፈጥራል። ኤድዊን ሆል የሚባል አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሳለ፣ ከረንት በሚያልፍበት ስስ የወርቅ ሉህ ላይ የማግኔት መስክ ቢያሳርፍ ከሉሁ ግራና ቀኝ ትንሽ ቮልቴጅ አገኘ። ቺፗ ውስጥ ያለው ነገር ይኸው ነው። የምትለኩት ከረንት በውስጧ ባለ የመዳብ መንገድ ያልፋል፣ አጠገቡ ያለው የሆል ሴንሰር መስኩን ያነብና ወደ ቮልቴጅ ይቀይረዋል። በመሃላቸው የኤሌክትሪክ ንክኪ የለም። ከረንት ከሌለ የመጋቢውን ቮልቴጅ ግማሽ፣ ማለትም በ5 ቮልት ስትሠራ 2.5 ቮልት ታወጣለች። ከረንቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ከዚያ ከፍ ትላለች፣ በሌላው ሲሄድ ዝቅ።

ሦስት ዓይነት አለች፤ የ5፣ የ20 እና የ30 አምፔር። ሱቅ ውስጥ የሁሉም ሰው እጅ ወደ 30ዋ ነው የሚሄደው፣ ትልቅ ይሻላል ብሎ። ግን የ5 አምፔሯ በአንድ አምፔር 185 ሚሊቮልት ትሰጣለች፣ የ20ዋ 100፣ የ30ዋ 66 ብቻ። ንባቡን የሚቀበለው አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ደግሞ 5 ቮልቱን 1024 ቦታ ከፋፍሎ ስለሚያነብ አንዱ እርከን ወደ 4.9 ሚሊቮልት ይጠጋል። ስታሰሉት 30ዋ ላይ አንዱ እርከን 74 ሚሊአምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 16 ዋት ገደማ። የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አንድ እርከን እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ቺፗ የራሷ ጫጫታ አላት። ምንም ሳይሰካ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ንባብ ወስዶ አማካይ ማውጣት ይረዳል፣ ጫጫታውን የምታጣራውን የፊልተር ካፓሲተሯን ወደ 47 ናኖፋራድ ማሳደግም ይረዳል፣ ግን የስልክ ቻርጀር ስንት ይበላል የሚለውን በእሷ ለማወቅ መታገል ትርፉ ድካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ስትገዙ ከረጢቱ ላይ ያለውን አትመኑ። ከአንድ ሱቅ 20 ተብሎ የተሸጠልኝ ቺፑ ላይ 30 የሚል ጽሑፍ ነው ያለው። ፊደሉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አንብቡት። ባለሱቁ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ።

ምጣድ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። 3.5 ኪሎዋት የሚባል ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የቺፗ የውስጥ መንገድ 1.2 ሚሊኦም ብቻ ስለሆነ ይሄ ሁሉ ከረንት ሲያልፍባት የምታባክነው 0.3 ዋት ገደማ ነው። ያንኑ ከረንት በ0.1 ኦም ሹንት (ከረንት የሚለካበት ሬዚስተር) እናሳልፍ ብትሉ ከ25 ዋት በላይ ይነድዳል፣ ሹንቱ ራሱ ሁለተኛ ምጣድ ሆነ ማለት ነው! ለምጣድ 30ዋን ውሰዱ። 20ዋ ትበቃለች እንዳትሉ፤ 16 አምፔር የተባለው አርኤምኤስ (ከፍ ዝቅ የሚለው ሞገድ አማካይ ዓይነት መለኪያ) ነው፣ የሞገዱ ጫፍ ከ22 አምፔር ያልፋል፣ 20ዋ ደግሞ እስከ 20 ድረስ ብቻ ነው የምትታመነው።

በጣም የወደድኩት ነገር ቅዳሜ ጠዋት የሚታየው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል። 220 የነበረው 190 ሲገባ ከረንቱ ከ16 ወደ 14 ዝቅ ሲል ስክሪኑ ላይ ታዩታላችሁ። ምጣድ ውስጡ የሚግል ሽቦ ብቻ ስለሆነ ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል፣ ኃይሉ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይመታል፤ 3.5 ኪሎዋት የነበረው 2.6 አካባቢ ይሆናል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ሁሌ የሚሰደበው ሊጡ ነው። ኧረ ሊጡ ምን አደረገ! ኮዳችሁ ውስጥ 220 ብላችሁ ቋሚ ቁጥር ከጻፋችሁ ግን ያን ጊዜ 3 ኪሎዋት ነው የሚላችሁ፣ ማለትም ይሸውዳችኋል። እሷ የምትለካው ከረንት ብቻ ነው። ዋቱን በትክክል የፈለገ ሰው እንደ ዜድኤምፒቲ101ቢ ያለ የቮልቴጅ ሴንሰር ከጎኗ ማስቀመጥ አለበት።

ሶላር ላይ ደግሞ ከተፎካካሪዋ ትበልጣለች። ሽቦ ሳይቆረጥ የምትታቀፈው ኤስሲቲ-013 ለቤት መብራት በጣም ምቹ ናት፣ ግን ትራንስፎርመር ስለሆነች የምታውቀው ኤሲ (እንደ ቤት መብራት አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) ብቻ ነው። ባትሪ ላይ ብታቅፏት ዜሮ ትላለች። የሆል ሴንሰር ዲሲም (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን) ያነባል፣ አቅጣጫም ይለያል። ቀን ፓኔሉ ሲሞላ ፕላስ፣ ማታ ቤቱ ሲስብ ማይነስ። ለአንድ የ100 ዋት ፓኔል የ20ዋ ትበቃለች።

አሁን ወደ ብሶቱ። አንደኛ፣ ማግኔት አትችልም። የስፒከር ማግኔት ብታስጠጉባት ቁጥሩ ይዘላል፣ ትልቅ ትራንስፎርመር አጠገብ ብታስቀምጧትም ያው ነው። አምራቹ አሌግሮ ራሱ ለአዲስ ዲዛይን አይመክራትም፤ ተተኪዋ ኤሲኤስ723 ከውጭ የሚመጣውን መስክ የመሰረዝ ዘዴ አላት። ሁለተኛ፣ በአርዱይኖ ፈንታ ኢኤስፒ32 የሚባለውን ሰሌዳ ለምትጠቀሙ፦ ቀጥታ አትሰኩት። የምጣዱ ከረንት የሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ 4 ቮልት ታወጣለች፣ የኢኤስፒው ፒን ደግሞ ከ3.3 በላይ አይችልም። በሁለት ሬዚስተር ከፋፍሉት። ዜሮዋም (ከረንት ሳይኖር የምታወጣው ቮልቴጅ) ከመጋቢው ጋር ስለምትንቀሳቀስ፣ ደካማ ቻርጀር 4.8 ቮልት ከሰጣት 2.5 የተባለው 2.4 ይሆናል። ምንም ሳይሰካ ዜሮውን አንብቡና ኮዱ ውስጥ አስገቡት።

ሦስተኛው ነው የሚያሳስበኝ። 30 አምፔር ትባላለች እንጂ ማሰሪያዋ 30 አምፔር የሚሸከም አይመስልም። ምጣዱ ተጥዶ ሲያበቃ መብራቱን አጥፍቼ ስነካው ሞቆ ነው የማገኘው፣ ብሎኖቹም ይላላሉ። በካቻቢቴ ደህና አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ሽቦውም ለምጣዱ የሚመጥን ወፍራም ይሁን። ሰሌዳውን ገልብጡት ደግሞ፤ የብየዳው ጫፎች ራቁታቸውን ናቸው፣ እዚያ ላይ ነው 220 ቮልቱ ያለው። ቺፗ ውስጥ ያለው መከላከያ ከ2 ሺህ ቮልት በላይ ይችላል፣ ጣታችሁ ግን ከቺፗ ውጭ ነው። ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሳትዘጉ እንዳታበሩት፣ ብሬከሩን ሳታወርዱም ሽቦ አትንኩ። ኮረንቲ ቀልድ አያውቅም።

ተማሪ ከሆናችሁ ወይ ቤት ውስጥ ምጣድና ቦይለር ስንት እንደሚበሉ ለማየት ከሆነ ግዟት። በቁጥሩ ተመሥርታችሁ ተከራይን ብር ልታስከፍሉ ካሰባችሁ ግን ይቅርባችሁ፣ የተመሰከረለት ቆጣሪ አስገቡ።