ላይራን ልግዛላት ወይስ ሰኒን?

«ለልጄ ጀግና ሴት ልጅ ያለችበት ምናባዊ ልብ ወለድ ጠቁሚኝ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሁሌ ሁለት ልጆች ናቸው የሚመጡልኝ። ላይራ የፊሊፕ ፑልማን «ኖርዘርን ላይትስ» ውስጥ ናት፤ እንግሊዝ አገር በ1995 የወጣ መጽሐፍ ነው። ሰኒ ደግሞ በ2011 በወጣው የንኔዲ ኦኮራፎር «አካታ ዊች» ውስጥ ናት። አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሰኒን ግዙ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሁለቱም መጻሕፍት ሁለት ሁለት ስም አላቸው። የላይራው አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ዘ ጎልደን ኮምፓስ» ተብሎ ነው። የሰኒውም ናይጄሪያ ውስጥ «ዋት ሰኒ ሶው ኢን ዘ ፍሌምስ» ነው። ይህን ሳላውቅ ለእህቴ ልጅ «ዘ ጎልደን ኮምፓስ»ን የላይራ «ክፍል ሁለት» ብዬ 650 ብር ከፈልኩ። አንድ ገጽ እንዳነበበች «አክስቴ፣ ይሄኮ ያው ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት «ኖርዘርን ላይትስ» ደግሞ ኮፒ ነበር። 400 ብር። ሽፋኑ ያብለጨልጫል። ውስጡ ግን 16 ገጽ የለውም፤ የጎደለው ላይራ የድቦቹን ንጉሥ በውሸት የምታታልልበት ቦታ ነው። የመጽሐፉ ምርጥ ቦታ! በሁለት ሳምንት ሙጫው ለቀቀ። ጠራዥ ጋ ወስጄ በ150 ብር አስጠረዝኩት። ጠርዙን ሲከረክመው የመስመሮቹ የመጨረሻ ፊደሎች አብረው ሄዱ። ደምሩት፤ 1,200 ብር። የሰኒን ያገለገለ ኦሪጅናል በ500 ነው ያገኘሁት፣ እስከዛሬ አንድ ቅጠል አልለቀቀም።

ስለዚህ ሻጩ ፊት መሃሉን ግለጡት፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የጀርባው ጽሑፍ ከደበዘዘ ኮፒ ነው። የገጽ ቁጥሩንም ሳትቆጥሩ ብር አታውጡ።

ሌላው ወጪ ደግሞ አለ። «ኖርዘርን ላይትስ» የሚጀምረው ታሪክ 3 መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያው እሷን ወደ ሌላ ዓለም አሻግሮ ጥሏችሁ ያልቃል። ልጅ እንዲህ ተንጠልጥላ አትቀመጥም፤ ሦስቱንም ትገዛላችሁ። የሰኒም ተከታይ አለው፣ ግን የመጀመሪያው የጀመረውን ነገር ይጨርሳል።

ላይራ ስትፈጠርም ደፋር ናት። እወዳታለሁ። ሰኒ ግን 12 ዓመቷ ነው፣ አልቢኖ ናት፣ አባ በምትባል የናይጄሪያ ከተማ ትኖራለች። ፀሐይ ስለሚያቃጥላት እንደ ልቧ ወጥታ ኳስ መጫወት አትችልም። ትምህርት ቤት ይሰድቧታል። እየፈራች ነው የምትሄደው፤ ለልጅ ይህ ነው የሚገባት። በሷ ዓለም አዲስ ነገር የተማረ ሰው ገንዘብ ከላይ ይወርድለታል። የእህቴ ልጅ ይህን ለእናቷ ሦስት ጊዜ አንብባላታለች።

እህቴ ግን የሰኒው ርዕስ ላይ «ዊች» የሚለውን አይታ «ጠንቋይ የሚል መጽሐፍ ቤቴ አይገባም» ብላ ነበር። እንደሷ ለምታስቡ የናይጄሪያው እትም ርዕስ ላይ ያ ቃል የለም። ውስጡ አስማት አለ፣ ልጆችን የሚያፍን ክፉ ሰውም አለ፤ ከ10 ዓመት በታች ለሆነች አልሰጥም። የላይራው ላይ ደግሞ ክፉዎቹ የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣናት ናቸው። እሱንም አውቃችሁ ግዙ።

ሰኒ የዓለምን መጨረሻ ያየችው ሻማ ነበልባል ውስጥ ነው። ባለፈው መብራት ሲጠፋ የእህቴን ልጅ ሻማው ላይ አፍጥጣ አገኘኋት። «ምን ታያለሽ?» አልኳት። «ቆይ፣ አታቋርጪኝ» አለችኝ።