ኑዛዜ ለማጻፍ ለምታስቡ ሁሉ፦ እኚህን ጠበቃ አነጋግሩልኝ

ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ልጆች ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ኑዛዜያችን ተፈርሞ አለቀ! እፎይ ብያለሁ። እዚህ ያደረሱንን ጠበቃ በአደባባይ ሳላመሰግን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ የተነሳው ለቅሶ ቤት ነው። የምናውቀው አባወራ በድንገት አረፈ። ኑዛዜ የለውም፣ ቤቱ ደግሞ በእሱ ስም ብቻ ነበር። ሚስቱ ሁሉም ለእኔ ነው ብላ ስታስብ፣ ለካ በሜሪላንድ ሕግ ኑዛዜ ከሌለና አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ለትዳር ጓደኛ የሚደርሰው ግማሹ ነው። ቀሪው የልጆቹ ነው። ያን ሰሞን ባለቤቴን «እኛስ?» ብለው «አታሟርቺብን» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

በስንት ልመና እሺ ካለ በኋላ መንከራተት ሆነ። አንደኛው ቢሮ ገና ሳንቀመጥ ክሬዲት ካርድ ተጠየቅን። ሰውየው የቤተሰባችንን ስም አይቶ ግራ ገባው። እኔ በአባቴ ስም፣ ባለቤቴ በአባቱ ስም፣ ልጆቹ በባለቤቴ ስም። «ግን በእርግጥ ተጋብታችኋል?» አለን እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሌላው ሆቴል ውስጥ እራት ጋብዞ፣ ትረስት የሚባለውን የንብረት አደራ ሰነድ ካልገዛችሁ መንግሥት ቤታችሁን ይወርሰዋል ብሎ አስደነገጠን። ውሸት መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። የአገራችን ልጅም አልማረንም፤ «ቤቱን በልጃችሁ ስም አዙሩትና ተገላገሉ» አለን። ልጃችን እኮ ገና ሁለተኛ ክፍል ነው! ስማቸውን አልጠራም፣ የእጃቸውን ይስጣቸው።

እኚህን ሴትዮ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እድሜዋ ይርዘም። ከቀጠሮው በፊት የምንሞላው ቅጽ ላኩልን። የቤቱን ዲድ (የባለቤትነት ሰነድ) አምጡ፣ የባንክና የጡረታ ሒሳቦቹን ዝርዝር አምጡ፣ የሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ ማንን እንዳስመዘገባችሁ የሚያሳየውን ወረቀት አትርሱ ይላል። ኑዛዜው ምንም ቢል፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ቅጹ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ስንቱ ሰው ገና ላጤ እያለ የሞላውን ቅጽ ረስቶት ይኖራል! እናንተም ዛሬውኑ ፈልጋችሁ እዩት።

በስማችን አልሳቁም። ፓስፖርቱንና የልደት ሰርተፊኬቱን ጎን ለጎን ዘርግተው እያንዳንዱን ፊደል አመሳከሩ። የባለቤቴ ስም አንዱ ላይ በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ነው የተጻፈው። ሁለቱም እሱ መሆኑን ኑዛዜው ውስጥ አስገቡልን።

ከዚያ እርሳሳቸውን አስቀመጡና ጠየቁን፦ «ዛሬ ማታ ሁለታችሁም ቤት ባትገቡ፣ ልጆቹ ጋ የሚደርስላቸው ማነው?» ሞግዚት በሚለው ቦታ አዲስ አበባ ያለችውን እህቴን ጽፈን ነበር። «ቪዛ እስክታገኝስ?» አሉን። ባለቤቴ ዝም አለ። ተነስቶ ኮሪደር ወጣ። አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ከዘመድ ዘመድ ቤት እየተዘዋወረ ያደገ ሰው ነው። እሳቸው ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የሰዓት መቁጠሪያ ጠቅ አድርገው አቆሟትና ውሃ ይዘውለት ወጡ። ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን «መጀመሪያ ጎረቤታችን ትያዛቸው፣ ከዚያ እህትሽ» አለ። ያ ሰው፣ አታሟርቺ ሲለኝ የከረመው! ሒሳቡ ሲመጣ ያ ሁሉ ቆይታ አልተቆጠረም። እንዲህ ዓይነት ጠበቃ የት ይገኛል? እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የትረስቱን ነገር ደጋግመው አስረዱኝ፣ እውነት ለመናገር አሁንም አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ለወንድሜ ልጅ ትንሽ ነገር ልተውለት ብዬ ነበር። ሜሪላንድ ከወንድም ልጅ ላይ 10 በመቶ የውርስ ግብር ትቆርጣለች፣ ከወንድም ከራሱ ግን አትቆርጥም። ውክልና ደግሞ፣ ያው ኤምባሲ የምንሰለፍለት ዓይነት፣ ሰው ሲሞት አብሮ ያበቃል። «ውክልና አለኝ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

አዲስ አበባ ስላለው ቤታችን ስንጠይቃቸው «የኢትዮጵያን ሕግ አላውቅም፣ እዚያ ያለ ጠበቃ አማክሩ» አሉን። አላውቅም የሚል ጠበቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አማከርን። እዚያ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። እዚህ የፈረምነው በ2 ምስክሮች ነው። ከዚያም በእሳቸው ምክር ኑዛዜውን ሮክቪል ወስደን በካውንቲው ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ (የኑዛዜ መዝገብ) ቢሮ አስቀመጥነው፣ በ5 ዶላር። እኔ ባንክ ካዝና ልከራይ ነበር።

ሂዱ፣ አነጋግሯቸው። ፈቃድ ስላልጠየቅኳቸው ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በነጻ አይደለም፣ ዋጋውን ግን ስትደውሉ ይነግሯችኋል። ባልና ሚስት የሞግዚቱን ነገር እቤት ተነጋግራችሁ ሂዱ። እናት አባታችሁን የምትወስዱ ደግሞ አስተርጓሚ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጠበቃዋ አማርኛ አይችሉም፣ ወራሽ የሚሆን ልጅ እንዲያስተረጉምም አይፈቅዱም።