የወንድሜን የአንገት እብጠት ምንጭ ላገኙልን ፓቶሎጂስት የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የማቀርበው የታላቅ ወንድሜን ናሙና መርምረው የሕመሙን መንገድ በትዕግሥት ላስረዱን ፓቶሎጂስት ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ ሥራቸው ግን ሊነገር ይገባዋል፤ ፓቶሎጂስት ብዙውን ጊዜ ታማሚው ሳያየው፣ ቤተሰብም ሳያመሰግነው የሚቀር ሐኪም ነውና።

ወንድሜ ግሊዮብላስቶማ የተባለ የአንጎል ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ የጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለ የካንሰር መድኃኒት (ኬሞቴራፒ) ሕክምና ሲከታተል ቆይቶ፣ ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት በኩል የአንገቱ ንፍፊት አበጠ። አስቀድመን ያማከርናቸው ሐኪም የአንጎል ዕጢ ከጭንቅላት ውጭ አይሰራጭም ብለው የኢንፌክሽን መድኃኒት አዘዙለት። ዴክሳሜታዞን (የአንጎልን እብጠት ለመቀነስ የሚሰጥ መድኃኒት) እና ኬሞቴራፒ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክሙ ኢንፌክሽን መጠርጠሩ ተገቢ ነበር፤ እብጠቱ ግን እየጠነከረ ስለሄደ በመርፌ ናሙና ተወሰደለት።

በናሙናው የታዩት የካንሰር ሕዋሳት ከየት እንደተነሡ በመልካቸው ብቻ የሚለዩ አልነበሩም። ከሳንባ ወይም ከሌላ አካል የመጣ ካንሰር ነው ብሎ መገመት ይቀል ነበር። ፓቶሎጂስቱ ግን ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተቀመጠውን የሰም ብሎክ፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀበረውን የዕጢ ናሙና፣ አስመጥተው ሁለቱን ጎን ለጎን አነጻጸሩ፤ ቀጥሎም ጂኤፍኤፒ የተባለውን፣ በአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘውን ፕሮቲን በልዩ ማቅለሚያ ፈለጉ። ውጤቱ የንፍፊቱ ዕጢ ያው የአንጎሉ ዕጢ መሆኑን አረጋገጠ።

ቤተሰቡን አስቀምጠው ያስረዱንን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ግሊዮብላስቶማ ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ውጭ መሰራጨቱ የሚታወቀው ከ100 ታማሚዎች ከ2 ባነሱት ላይ ነው። በደምና በአንጎል መካከል ያለው መከላከያ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሌላው፣ ለመስማት የከበደን፣ ብዙ ታማሚዎች ስርጭቱ እስኪታይ ድረስ በሕይወት አለመቆየታቸው ነው። አንጎል ከሊምፍ ሥርዓት፣ ማለትም ከአካል ክፍሎች ፈሳሽ ሰብስቦ በንፍፊቶች ከሚያሳልፈው የቧንቧ መረብ፣ ጋር ግንኙነት የለውም የሚለው አስተሳሰብም ተለውጧል። ጣሊያናዊው የአናቶሚ ሊቅ ፓኦሎ ማስካኒ በ1787 በአንጎል ሽፋን ላይ የሊምፍ ቧንቧዎች እንዳሉ ጽፎ የነበረ ቢሆንም ሰሚ አላገኘም፤ በ2015 ግን የቨርጂኒያና የሄልሲንኪ ተመራማሪዎች በየፊናቸው በአይጦች ላይ አሳዩአቸው፤ በ2017 ደግሞ በኤምአርአይ በሰው ላይ ታዩ። እነዚህ ቧንቧዎች ፈሳሻቸውን ወደ አንገት ጥልቅ ንፍፊቶች ያደርሳሉ። ከዚህም በላይ ዕጢው ዱራ የተባለውን ጠንካራ ሽፋን ወይም የራስ ቆዳን ከወረረ፣ በዚያ ያሉ የደም ሥሮችና የሊምፍ ቧንቧዎች መውጫ ይሆኑታል። በደም ሲጓዝ ሳንባን፣ አጥንትንና ጉበትን ሊደርስ ይችላል። ፈሳሽ ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ሻንት በገባላቸው ሰዎች ዘንድም አልፎ አልፎ ሆድ ውስጥ ተገኝቷል።

ሁሉም የአንጎል ዕጢ አንድ ዓይነት ጠባይ እንደሌለውም ነገሩን። በልጆች ላይ የሚበዛው ሜዱሎብላስቶማ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ፈሳሽ በኩል ይሰራጫል፤ ከዚያ ውጭ ሲወጣ በብዛት የሚያርፈው አጥንት ላይ ነው። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂዮማ እምብዛም አይሰራጭም፤ ከተሰራጨ ግን ሳንባን ይመርጣል። ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ የሆነብኝ፣ ግሊዮብላስቶማ ከነበረባቸው ለጋሾች የአካል ክፍል ከተቀበሉ ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ዕጢው ማደጉ መመዝገቡ ነው፤ ሕዋሳቱ ከአንጎል ወጥተው መኖር እንደሚችሉ ይህ ያሳያልና።

ምርመራቸው ወንድሜን አላዳነውም፤ ነገር ግን ሐኪሞቹ መላ ሰውነቱን በምስል እንዲመረምሩና ለሌላ ካንሰር የሚሰጥ ከንቱ ሕክምና እንዳይጀምሩ አድርጓል። እኛም የሚሆነውን አውቀን ከጎኑ ለመቆም ቻልን። ለዚህ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

የአንጎል ዕጢ ታክሞ አንገቱ ላይ የማይጠፋ እብጠት የወጣበት ቤተሰብ ካላችሁ፣ ናሙናው እንዲወሰድ ጠይቁ፤ ውጤቱን የጻፈውን ፓቶሎጂስት ማነጋገር እንደሚቻልም እወቁ። የቀደመው ብሎክ የት እንደተቀመጠ አጣሩ፤ በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይም የአንጎል ዕጢው ታሪክ መጻፉን አረጋግጡ። በእኛ ወረቀት ላይ ያ ታሪክ በአንድ መስመር ሰፍሮ ነበር፤ የፊተኛውን ብሎክ ያስጠየቃቸውም እርሱ ነው።