የካቦ፣ የቫኪዩም ወይስ ኢንጄክሽን? ሞተር ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ መተሐራ ሄዶ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛ። እዚያው ሲሞክረው እንደ ፌንጣ ነው የዘለለው። አዲስ አበባ ሲያደርሰው ግን ዳገት አልወጣም አለ። ቤንዚን እንደ ውኃ ይጠጣል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ሜካኒኩ ብልጭታ የምትሰጠውን ካንዴላ ቀየረለት። በሳምንቱ ደገመ። ሦስተኛዋም ካንዴላ ጥላሸት ለብሳ ወጣች። ወዳጄ "ሸወደኝ" ብሎ ሻጩ ላይ ሊደውል ስልኩን አንስቶ ነበር።

ሻጩ አልሸወደውም። ሞተሩም ጤነኛ ነው። መተሐራ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ገደማ ላይ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለወፍራም አየር ተስተካክሎ ቀጭን አየር ላይ መጣ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እኛ አገር ሞተር ሳይክል ሲገዛ የሚጠየቀው ሲሲው፣ ጎማው፣ ሊብሬው ነው። ቤንዚኑ በምን በኩል ወደ ሞተሩ እንደሚገባ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም። ደጋና ቆላ በአንድ ቀን በሚረገጥበት አገር ግን ይህ ጥያቄ ከሲሲው ቢቀድም አይበዛበትም።

መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ። ካርቡሬተር ፓምፕም ኮምፒውተርም የለውም። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። ሲጠብበት ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። ከሥር ባለችው ጽዋ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ግን የውጭው አየር እንደተጫነው ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ጄት በምትባል የነሐስ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ተገፍቶ ጉሮሮው ውስጥ ይረጫል። የጽዋዋን ልክ የምትጠብቀው ተንሳፋፊ ናት፤ ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ውኃ ሲሞላ የምትዘጋውን ዓይነት አስቡ።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ካርቡሬተር ግን አየሩን አይመዝንም፤ የሚያውቀው ፍሰቱን ብቻ ነው። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቀዳዳው ያው፣ አየሩ የሳሳ፤ ድብልቁ ላይ ቤንዚኑ ከ10 በመቶ በላይ ይበዛል። ጥላሸቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

አንደኛው በካቦ በቀጥታ የሚጎተተው ነው። እጀታውን ስትጠመዝዙ ካቦው ጉሮሮውን የዘጋውን ተንሸራታች መዝጊያ ያነሳል። ከመዝጊያው ሥር የተንጠለጠለች ሾጣጣ መርፌ አብራ ትነሳና ለቤንዚኑ መንገድ ትለቃለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። የሆንዳ ሲጂ 125፣ የያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100፣ ከቻይና የሚመጡት የሲጂ ዓይነቶችም አብዛኞቹ ይህን ነው የሚጠቀሙት። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይፈታዋል። ለእጃችሁም ወዲያው ይታዘዛል። ችግሩ መታዘዙ ላይ ነው። በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳላችሁ እጀታውን ድንገት እስከ ጥግ ብትጠመዝዙት ሞተሩ ሊውጠው የማይችለውን ያጎርሰዋል፤ ትን ይለዋል። ከፍታ ሲቀየርም ራሱን የሚያርምበት ዘዴ የለውም።

ሁለተኛው በቫኪዩም የሚሠራው ነው። እዚህም ካቦ አለ፣ ግን የሚከፍተው ሌላ ክብ ቢራቢሮ መዝጊያ ነው። ዋናውን ተንሸራታች መዝጊያ የሚያነሳው ሞተሩ ራሱ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ቫኪዩም (የግፊት መውረድ) ነው፣ በቀጭን የጎማ ሽፋን አማካይነት። እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ ሞተሩ የቻለውን ያህል ይወስዳል። ሱዙኪ ጂኤን 125 እና ካርቡሬተር ያላቸው የባጃጅ ፑልሳሮች በዚህ ይሄዳሉ። አነዳዱ ለስላሳ ነው። ተንሸራታቹን የሚያነሳው የአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ የከፍታ ለውጥንም በመጠኑ ይችላል። በመጠኑ ነው ያልኩት፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ደካማ ጎኑ ያቺ ጎማ ናት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ከተበሳች ሞተር ሳይክሉ ሚኒሞ ላይ (ቆሞ እጀታው ሳይነካ) ደህና ይሠራና መንገድ ላይ ፍጥነት እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ይህን "ሞተሩ ደክሟል" ብሎ ፒስተን እስከ ማስቀየር ይደርሳል።

ያገለገለ ስትገዙ ይህን ሞክሩ። የአየር ፊልትሮውን መግቢያ አስከፍቱና መዝጊያውን በጣት ወደ ላይ ገፍታችሁ ልቀቁት። የቫኪዩሙ ዓይነት ከሆነ ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሰ መውረድ አለበት። ጧ ብሎ ከወደቀ ጎማው ተቀዷል። የካቦው ዓይነት ከሆነ ደግሞ መዝጊያውን በጣት ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። በጣም ከተንገዳገደ ተበልቷል ማለት ነው፤ በዚያ በኩል ያልተለካ አየር ይገባል፣ ሚኒሞውም አንዴ ይጮሃል አንዴ ይጠፋል።

ሦስተኛው ኢንጄክሽን ነው። ካርቡሬተር አይደለም፣ ግን ከእነርሱ ጋር ካልተወዳደረ ንጽጽሩ ይጎድላል። ሕንድ ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጠበቅ ያለ የጭስ ደንብ በሥራ ላይ ስላዋለች፣ ለራሷ ገበያ የሚሠሩት አዳዲስ ሞዴሎች በብዛት ወደዚህ ዞረዋል። ታንከሩ ውስጥ ያለ ፓምፕ ቤንዚኑን እስከ 3 ባር ገደማ ይገፋል፣ ይህም ከመኪና ጎማ ንፋስ ይበልጣል። ሴንሰሮች የአየሩን ግፊትና ሙቀት ይለካሉ፣ ኮምፒውተሩ ስንት ጠብታ እንደሚረጭ ይወስናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ መልሳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ድብልቁ አይዛነፍም። ጠዋት በቾክ መለማመን የለም። ቤንዚንም ይቆጥባል።

ነገር ግን ሻጮች "ኢንጄክሽን ከፍታ አይነካውም" ሲሉ ግማሹ ውሸት ነው። የማይነካው ድብልቁን ነው። ጉልበቱን ይነካዋል። አየሩ ሲሳሳ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያጣል፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል። ባለ 150 ሲሲ ገዝታችሁ የምትነዱት ባለ 120 ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ጣጣ ቤንዚኑ ነው። ማደያ በሌለበት ቦታ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ታውቁታላችሁ። ውኃም አፈርም ሊኖረው ይችላል። ካርቡሬተር ላይ ከጽዋዋ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ ታፈሱትና ትሄዳላችሁ። ኢንጄክሽን ላይ ቆሻሻው ፓምፑንና መርጫውን ነው የሚይዘው። እሱን የሚመረምርበት መሣሪያ ያለው ጋራዥ ደግሞ በየወረዳው አይገኝም። ባትሪው ጨርሶ ከሞተም ፓምፑ ስለማይዞር በእርግጫ ብቻ ማስነሳት ይቸግራል።

እና እኔ ብሆን? አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የማደርስ ከሆነ፣ ብሬ ከደረሰ ኢንጄክሽን እገዛለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ የምመላለስ ከሆነ የቫኪዩሙ ይሻለኛል፤ 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ስትወርዱና ስትወጡ ለስላሳነቱን ታመሰግኑታላችሁ። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ግን ያለ ምንም ማመንታት የካቦውን። እዚያ ቁም ነገሩ የሚጠግን ሰው መገኘቱ ነው።

ካርቡሬተሩን ብቻ ለመቀየር የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። "ያው ነው፣ ይገጥማል" የሚለውን አትስሙ። ፒዜድ 26 እና ፒዜድ 27 የሚባሉት ካርቡሬተሮች መሳይ ናቸው፣ ልካቸው ግን ይለያያል። ኦሪጅናል ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ በሁለተኛው ወር ቤንዚን ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። የጄት ቁጥርም ያሳስታል። ኬሂን በሚባለው የካርቡሬተር ምርት ላይ 100 ማለት የቀዳዳዋ ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሌላው አምራች ሚኩኒ ግን ዋና ጄቶቹን በአብዛኛው የሚቆጥረው በሚያሳልፉት የቤንዚን መጠን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቁጥር አይቶ መገልበጥ አይሠራም። ደግሞ እባካችሁ፣ ጄት በሽቦ የሚጠርግ ሜካኒክ ስታዩ እጁን ያዙት። ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳዋ ትሰፋለች። በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ይበቃል።

የወዳጄ ነገር በግማሽ ሰዓት አለቀ። የእሱ የካቦ ነበር። ዋናዋ ጄት በአንድ ቁጥር ባነሰች ተቀየረች። መርፌዋ ላይ ያለችው ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ላይ ወጣች፣ መርፌዋም ያንኑ ያህል ዝቅ አለች። አራተኛዋ ካንዴላ ቡናማ ሆና ወጣች፣ የምንፈልገው ቀለም ይኸው ነው። አሮጌዋን ጄት ግን ሜካኒኩ ሊጥላት ሲል ቀማሁት። ሞተር ሳይክሉ በዚህ አኳኋን ተመልሶ ቆላ ቢወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ያለ ልክ ይግላል፣ ፒስተኑም ሊቃጠል ይችላል። አሁን በላስቲክ ተጠቅልላ ከሊብሬው ጋር ተቀምጣለች። መተሐራ ወይም አዋሽ ያለ ሰው ቢገዛው አብራ ትሸጣለች።